አቦል ጠጥቶ የሚሄድ ቲፎዞ

ወሎ ውስጥ ቡና ሦስት ነው፦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። አቦሉን ፉት ብሎ ከረከቦቱ ፊት ብድግ የሚል እንግዳ ካለ ባለቤቲቱ ትቀየማለች፣ ሽማግሌውም «ምርቃቱን ጥሎት ሄደ» ይላል። ይህን ሥርዓት አሳምሮ የሚያውቅ ሕዝብ ማራቶን ላይ ሲደርስ ግን አቦሉን ጠጥቶ ውልቅ ነው። አንደኛው ሪባኑን ሲበጥስ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል። ከኋላ እየመጡ ያሉትን ማንም አይቆጥራቸውም።

ዛሬ ነገር ፍለጋ የመጣነው በዚህ ጉዳይ ነው። እኛ ከመካነ ሰላም፣ ከከላላ፣ ከሳይንት፣ ከተንታና ከለጋምቦ የወጣን፣ አሁን በየከተማው የተበተንን ልጆች ነን። ጓደኞቻችን ማራቶን ይሮጣሉ። ከፊሎቹ እንጀራቸው ሩጫ ነው፤ እንጦጦና ሰንዳፋ ሲለማመዱ ከርመው አንድ የውጭ ከተማ ሲጋብዛቸው ሻንጣቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ከፊሎቹ ደግሞ ዋሽንግተን ኡበር እየነዱ፣ ለንደን ሆስፒታል ተረኛ እያደሩ፣ ለራሳቸው ብለው የሚሮጡ ናቸው። እኛ ሁለቱንም እንከተላለን። አለቀ፣ ሥራችን ይኸው ነው።

መከተሉ ድሮ ከባድ ነበር፤ ዛሬ ቀሏል። በትልልቆቹ ከተሞች ማራቶን እያንዳንዱ ሯጭ ጫማው ላይ ወይም የደረት ቁጥሩ ጀርባ ላይ አንዲት ትንሽ ቺፕ ይዞ ነው የሚሮጠው። መንገዱ ላይ በየአምስት ኪሎ ሜትሩ የተዘረጋውን ምንጣፍ ሲረግጥ ሰዓቱ ይመዘገባል። እናንተ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ቁጭ ብላችሁ ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ከጻፋችሁ፣ ጓደኛችሁ 25ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ 30ኛው ላይ ስንት እንደቀነሰ ታያላችሁ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ሰውየው በሕይወት አለ። ከቆመ ልባችሁ ይቆማል። 35ኛው አልመጣም... አልመጣም... መጣ! ይህን ያላየ ሰው ማራቶን አየሁ አይበል።

ታዲያ እኛ እንዲህ ስልክ ላይ አፍጥጠን ስንውል አጠገባችን ያለው ሰው ምን ይላል? «ስንተኛ ነው?» ይላል። አራት ሺህ ምናምነኛ ነው ስንል ይስቃል። «ታዲያ ምን ያደርግላችኋል?» ይላል። ጓደኛችን ሯጭ ከሆነና አስራ አንደኛ ከወጣ ደግሞ ሳቁ ይቀርና ፍርድ ይመጣል፦ «አለቀለት በቃ፣ እሱ እኮ ድሮም አይችልም።» አይችልም! ዓለም ላይ ከእሱ የሚፈጥኑ አስር ሰዎች ያን ቀን ስለተገኙ፣ ታክሲ ለመያዝ ሃምሳ ሜትር ሮጦ የሚያለከልክ ሰው «አይችልም» ብሎ ይፈርዳል።

ይህን ፍርድ የምንቃወመው ስለ ጓደኞቻችን ስለከፋን ብቻ አይደለም። ፍርዱ ራሱ ውሸት ስለሆነ ነው። ከራሳችን ደጋ አንድ ምስክር እንጥራ። ሶፊያ አሰፋ የተንታ ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ኦሊምፒክ በ3,000 ሜትር መሰናክል ሦስተኛ ሆና ገባች። አንደኛዋ ሩሲያዊቷ ዩሊያ ዛሪፖቫ ነበረች። ከዓመታት በኋላ ዛሪፖቫ አበረታች መድኃኒት ተጠቅማ መገኘቷ ተረጋግጦ ወርቁን ተነጠቀች፤ የሶፊያ ነሐስም ወደ ብር ከፍ አለ። እንግዲህ ያን ቀን «አንደኛ ማን ሆነ?» ብሎ ብቻ የጠየቀው ሰው ያጨበጨበው ለማን ነበር? ለሌባ! እስከ ሦስተኛዋ ድረስ ቆሞ ያየው ግን እውነተኛዋን ሁለተኛ አይቷል። መጨረሻውን መጠበቅ ደግነት ብቻ ሳይሆን ብልህነትም ነው።

ቃሉንም ልብ በሉልን፤ «አበረታች» ነው የሚባለው። ሰው «በርታ» ሲለው ያልሰማ ሯጭ፣ አንደኛ ካልወጣ ሰው እንዳልሆነ በየቀኑ የሚነገረው ሯጭ፣ አንድ ቀን ሌላ አበረታች ይዞ የሚመጣ ሰው በሩን ቢያንኳኳ ለመክፈት ይቀርባል። ጥፋቱ የራሱ የሯጩ ነው፤ ማንም አያሳብብለት። ግን አገር ሙሉ «ወርቅ ወይም ምንም» እያለ ሲጮህ ከርሞ አንዱ ሲሳሳት ተደነቅን ማለት ቀልድ ነው።

ሁለተኛው ምስክራችን ሜክሲኮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ማሞ ወልዴ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈ። ይህን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። በዚያው ውድድር አበበ ቢቂላ እግሩን ታሞ ገና ግማሽ ሳይደርስ አቋርጦ መውጣቱን ስንቱ ያስታውሳል? በዚያው ውድድር ታንዛኒያዊው ጆን ስቴፈን አክዋሪ መንገድ ላይ ወድቆ ተጎድቶ፣ ጉልበቱን በፋሻ አስሮ እያነከሰ፣ ማሞ ከገባ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ፣ ሊመሽ ሲል የመጨረሻ ሆኖ ገባ። ስታዲየሙ ውስጥ የቀሩት ጥቂት ሰዎች ነበሩ፤ እነሱ ቆመው አጨበጨቡለት። ዛሬ ዓለም የዚያን ቀን ማራቶን ሲያነሳ ከአሸናፊው ጋር አብሮ የሚያነሳው እሱን ነው። አክዋሪ የእኛ ሰፈር ልጅ ቢሆንስ ኖሮ? እንዲህ ይባል ነበር፦ «አዋረደን።»

«የድሮ ነው» የምትሉ ካላችሁ የቅርቡን እንንገራችሁ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2010 ኒው ዮርክ ላይ ጉልበቱን አሞት አቋርጦ ወጣ፤ ወዲያውም ሩጫ በቃኝ አለ፣ ቀናት ቆይቶ ሐሳቡን ቀየረ። እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶን ላይ ታምራት ቶላ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ወርቅ ሲያመጣ፣ ቀነኒሳ በቀለ በ42 ዓመቱ 39ኛ ሆኖ ገባ። ሁለቱንም ሩጫዎች የጨረሱት እነማን እንደሆኑ፣ ከተመልካቹ ውስጥስ ስንቱ እስከ 39ኛው እንደቆየ መጠየቅ መብታችን ነው። በ42 ዓመት ዕድሜ፣ በዚያ ዳገት፣ በኦሊምፒክ ማራቶን እስከ መጨረሻው መሮጥ ለአንድ ሕዝብ መኩሪያ ካልሆነ መኩሪያው ምንድን ነው? ታምራት ራሱ የገባው እንኳ በተጠባባቂነት ነበር። ሲሳይ ለማ ስለተጎዳ ቦታውን ለቆለት ነው ወርቁ የመጣው። የወርቁን ጀርባ ብትገለብጡት የሌላ ጓደኛ ስም ተጽፎበት ታገኛላችሁ።

ደግሞ አሯሯጮቹ አሉ። እነሱንማ ማን ይቆጥራቸዋል! አሯሯጭ ማለት ከፊት ሆኖ ነፋሱን እየተቀበለ፣ ሰዓቱን እየጠበቀ፣ ሌላውን እስከ 25ኛው ወይም እስከ 30ኛው ኪሎ ሜትር አድርሶ ወደ ዳር የሚወጣው ሰው ነው። ስሙ ውጤቱ ላይ «አልጨረሰም» ተብሎ ይጻፋል። መንደሩ ያሉ ዘመዶቹ በቴሌቪዥን ከፊት ሲመራ አይተው እልል ብለው፣ ወዲያው ሲጠፋባቸው «ምነው ደከመ?» ይላሉ። አልደከመም ወገኖቼ! ሥራውን ጨርሶ ነው። የተከፈለው ለዚያ ነው። ይህን ለእናቱ የሚያስረዳላት አንድ ጎረቤት ቢኖር ስንት ሐዘን በቀረ ነበር።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ይህ የቲፎዞ ጉዳይ ጨዋታ ይመስላል፤ አይደለም። ሰው ያስቀራል። ከመካነ ሰላም አካባቢ ሯጭ ሊሆን አዲስ አበባ የመጣ ልጅ አምስት ስድስት ሆኖ አንዲት ክፍል ይከራያል፤ ሌሊት ተነስቶ ይሮጣል፤ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አራት ዓመት። ከብዙዎቹ የሚሳካላቸው ጥቂቶች ናቸው። ይህ የየትኛውም ስፖርት ሕግ ነው፤ ነውር የለበትም። ነውር የሚሆነው ያልተሳካለቱ ልጅ «ምን ይዤ ልግባ?» ብሎ አገሩ ሳይገባ ሲቀር ነው። የአባቱን ለቅሶ እንኳ በስልክ የደረሰ ልጅ እናውቃለን። ለምን? አውቶቡስ ተራ የሚጠብቀው ጥያቄ «ደህና ነህ ወይ?» ሳይሆን «ስንተኛ ወጣህ?» እንደሆነ ስለሚያውቅ ነዋ!

አስገራሚው ደግሞ ይህ የሚሆነው «አብሽር» የሚል ቃል ባለበት አገር መሆኑ ነው። የወደቀውን አብሽር፣ ያዘነውን አብሽር፣ ከብቱ የሞተበትን አብሽር የሚል ደጋ ለሯጭ ሲሆን ምላሱ ይታሰራል። ቃሉ አለን፤ የቸገረው አጠቃቀሙ ነው።

«የጩኸት ጥቅሙ ምንድን ነው? እግሩ ካልቻለ ጩኸት አያስሮጠው» የሚሉንም አሉ። እንመልስ። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ሰውነት ጡንቻና ጉበት ውስጥ ያከማቸው ስንቅ ብዙውን ጊዜ 30 ኪሎ ሜትርን አለፍ ሲል ይሟጠጣል። ከዚያ ወዲያ እግር ብቻውን አይሮጥም፤ ሐሳብም አብሮ ይሮጣል። እዚያ ቦታ ላይ ስምህን የሚጠራ ሰው ማግኘት ምን እንደሆነ ለማወቅ ደራርቱ ቱሉን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2009 ኒው ዮርክ ላይ፣ የ37 ዓመት እናት ሆና፣ ውድድሩ መሃል ላይ ተፎካካሪዋ ፓውላ ራድክሊፍ ስትቸገር ዘወር ብላ አበረታታቻት። ለተቀናቃኟ! ፓውላ አራተኛ ሆነች፤ ደራርቱ ግን አሸንፋ የኒው ዮርክን ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆነች። ማበረታታት ጉልበት የሚቀንስ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ደራርቱ ባላሸነፈች። እሷ እየሮጠች የቻለችውን እኛ ሶፋ ላይ ተቀምጠን እንዴት ያቅተናል?

ሌላው ክርክር «ድሃ አገር ነን፣ ለጤና ሩጫ የሚያጨበጭብ ጊዜ የለንም» የሚለው ነው። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2001 በ10 ሺህ ሰው ሲጀመርም እንዲሁ ተብሎ ይሆናል። ዛሬ ከ40 ሺህ በላይ ሰው አዲስ አበባን በአንድ ቀለም ካኔቴራ ያጥለቀልቃታል። 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ ማራቶን አይደለም፤ ግን አንድ ነገር አስተምሯል። ሰው አንደኛ ሊወጣ ሳይሆን ሊሮጥ ብቻ ይወጣል። ኒው ዮርክም እ.ኤ.አ. በ1970 የጀመረችው በ127 ሯጮች ነበር፤ የጨረሱት 55 ብቻ ናቸው። አሁን በአንድ ቀን ከ50 ሺህ በላይ ሰው ያስጨርሳሉ። ሩጫው የሚጀመረው በእኛ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሲገቡ እኛ ጋ ሌሊት ሆኗል፤ እነሱም ጋ መሽቷል። እዚያ ጨለማ ውስጥ ቆሞ የሚያጨበጭብ ሰው አለ። ከተማውን ትልቅ ያደረገው ፎቁ ብቻ ይመስላችኋል?

ለነገሩ መከተል የፈለገ ሰው ሁሉ መከተል ይችላል ብለን አናጭበረብርም። እ.ኤ.አ. መስከረም 24 ቀን 2023 ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ስትሰብር፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ ከወር በላይ ሆኖት ነበር። ቁጥር መከተል ቀርቶ ዘመድ ደህና ማደሩን ማወቅ ጭንቅ ነበር። የአገር ልጅ ዓለምን ሲያስደንቅ አገሩ እንዳያይ መጋረድ ምን ዓይነት ነገር ነው? ይህንንም ለመዝገብ ያህል እንበል።

በቆጂ ላይ ከፍታው፣ አየሩ፣ ዳገቱ ብቻ ሯጭ አላበቀለም። ሥንታየሁ እሸቱ የሚባል የስፖርት መምህር ጠዋት ጠዋት እየወጣ ከልጆቹ ጋር ስለቆመ ነው እነ ደራርቱ፣ እነ ቀነኒሳ፣ እነ ጥሩነሽ የወጡት። መካነ ሰላምም ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። አምባ ፈሪት ቆሟል። ዳገት ሞልቷል። ልጆቹም ትምህርት ቤት የሚሄዱት በእግር ነው። የጎደለው ዳር ላይ የሚቆም ሰው ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ትንሽ ነው። አንደኛ፣ የወረዳና የዞን ሹማምንት ቦሌ አበባ ይዘው ለወርቅ የሚሰለፉትን ያህል፣ ያልተሳካለትን ልጅ ደሴ መናኸሪያ ወርደው ይቀበሉ። ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቶች የሩጫ ውድድር ሲያደርጉ የመጨረሻው ልጅ ሳይገባ ሰልፉ አይበተን፤ ጭብጨባው ለመጨረሻው ይቆይ። ሦስተኛ፣ ጓደኛው የሚሮጥ ሰው ቁጥሩን ይያዝ፤ አንደኛው ከገባ በኋላም ስልኩን አይዝጋ። ሲገባ ይደውልለት። «ስንተኛ?» አይበለው። «ገባህ?» ይበለው።

እዚያ አዲስ አበባ የተከራያት ክፍል ውስጥ «ምን ይዤ ልግባ» እያልክ የተቀመጥከው ወንድማችን፣ ይህችን ጽሑፍ ካገኘሃት ለአንተ ናት። እግርህን ይዘህ ግባ። እናትህ የጠበቀችው ሜዳሊያ አይደለም። መንገድ ላይ «ስንተኛ ወጣህ?» የሚል ካጋጠመህ ወደ እኛ ላከው፤ መልሱን እኛ እንሰጠዋለን። አብሽር!