በምግብ ቤት ራት ስለ መብላት

ጀውሃ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ መካከል፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ስለዚህ ምግብ ቤት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሹፌሩም መንገደኛውም በመንገድ ዳር ይበላል። እኛ ተማሪዎች ግን አንዳንድ ቀን በምግብ ቤት ራት እንብላ ስንል፣ «የእናት ወጥ እያለ በገንዘብ መብላት ምን ይባላል?» የሚሉን ታላላቆች አሉ።

አሳባቸው መሠረት የለውም አልልም። እንግዳን በነጻ ማብላት ልማድ በሆነበት አገር ምግብን መሸጥ ነውር መስሎ ይታይ ነበርና። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ሲከፍቱ፣ ከፍሎ መብላት ለብዙው ሰው አዲስ ነገር ነበር። ዛሬ ግን ልማዱ ተለውጧል። እኔም የምከራከረው ስለ ገንዘቡ ሳይሆን አብሮ ስለ መቀመጥ ነው።

በይፋት ቆላ ክርስቲያንና ሙስሊም ተጎራብተው ይኖራሉ፤ ልጆቻቸውም በአንድ ክፍል ይማራሉ። ሆኖም ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን ሥጋ አይበላም። ይህ የየሃይማኖቱ ሥርዓት ስለሆነ ሊከበር ይገባዋል። አባቶቻችንም ያከብሩታል፤ ድግስ ሲደግሱ ለሌላው ወገን ለብቻ አሳርደው፣ በራሱ ሰዎች እጅ አሠርተው ያቀርቡለታል እንጂ ከድግሳቸው አያስቀሩትም።

በምግብ ቤት ግን ይህ ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ ይጎድላል። ባለፈው ፈተና እንደ ጨረስን ስምንት ሆነን ራት ልንበላ ወጣን። ቀኑ የፍስክ ቀን ነበርና የገባንበት ቤት ከሥጋ ወጥ ሌላ ያለው ሽሮ ብቻ ነበር፤ ሽሮውም በሥጋው ወጥ ጭልፋ ይማሰል ነበር። ስለዚህ ሦስቱ ጓደኞቻችን መንገዱን ተሻግረው ሌላ ቤት ገቡ፤ አምስታችን ቀረን። ማንም አልተጣላም፤ ነገር ግን አብረን ልንደሰት የወጣን ልጆች ራታችንን በሁለት ቤት በላን።

በሚከተለው ረቡዕ እንደገና ስንወጣ በያይነቱ አዘዝን። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑና ድንቹ በአንድ ትሪ መጣ፤ ስምንታችንም ከበብነው። የጾም ምግብ የክርስቲያን ብቻ ሊመስለን አይገባም፤ ለምስርና ለጎመን «ማን አረደው?» ብሎ የሚጠይቅ የለምና። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት 2 ቀን ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን ገብተው ነበር። በእነዚያ ሳምንታት ጀምበር ስትጠልቅ፣ ለማፍጠር የተቀመጠው ሙስሊምና ራቱን የሚበላው ክርስቲያን ከአንድ ትሪ ለመቍረስ የሚከለክላቸው ነገር አልነበረም።

ይህ ስለ ሆድ ብቻ የተነገረ አይምሰላችሁ። በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ጎረቤታችን አጣዬ እንዴት እንደ ተቃጠለች የማያስታውስ የአገራችን ሰው የለም። አብሮ መብላት ብቻውን እሳት ያጠፋል አልልም። ነገር ግን ከጎረቤቱ ጋር አብሮ በልቶ የማያውቅ ሰው፣ ስለ ጎረቤቱ የሚወራውን ክፉ ወሬ ሁሉ ለማመን ይቀለዋል።

ስለዚህ የምግብ ቤት ባለቤቶችን አንድ ነገር እለምናለሁ። በፍስክ ቀንም ቢሆን አንድ ድስት ሽሮ ወይም ምስር በዘይት ይሥሩ፤ ለእርሱም የራሱን ድስትና የራሱን ጭልፋ ይመድቡለት። የአንድ ጭልፋ ዋጋ ትንሽ ነው፤ መንገድ ተሻግሮ የሚሄድባቸውን ደንበኛ ግን ያስቀርላቸዋል።

እናንተም ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ራት ለመብላት ስትወጡ ወዴት እንሂድ ከማለታችሁ በፊት ማን ምን እንደሚበላ ተጠያየቁ። ጓደኛን ለራት የጠራ ሰው የሚበላውንም ሊያስብለት ይገባል።