እንግዳ ከመጥራታችን በፊት፦ የአፍሪካ ዋንጫና የስታዲየሞቻችን ጉዳይ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በማገለግልባት ቤተ ክርስቲያን አንድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ወጣቶች በር ላይ ቆመው ሲከራከሩ ደረስኩ። ወሬው ስለ ኳስ ነበር። አንዱ፣ «ፓስተር፣ የአፍሪካ ዋንጫ እኛ አገር እንዲዘጋጅ ብንጸልይ ችግር አለው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔ ከመመለሴ በፊት ሌላው፣ «መጀመሪያ ቡድናችን የሚጫወትበት ሜዳ እንዲያገኝ እንጸልይ» አለ። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ነገሩ ግን ቤቴ ከገባሁ በኋላም ከአእምሮዬ አልወጣም።

ጥያቄው ያለ ምክንያት የተነሣ አይደለም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ካፍ፣ ጠቅላላ ጉባኤውን በአዲስ አበባ ባካሄደበት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ እ.ኤ.አ. የ2029 የአፍሪካ ዋንጫን ኢትዮጵያ እንድታዘጋጅ ጠይቀዋል። ካፍ በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. የጊዜ ሰሌዳውን ቀይሮ ውድድሩ ከ2028 በኋላ በየአራት ዓመቱ እንደሚሆን አስታውቋል። ሰሌዳው ቢቀየርም የአገራችን ምኞት የታወቀ ነው። ታዲያ እኛ አማኞች ይህን ምኞት እንዴት እንየው?

በአንድ ስታዲየም የተዘጋጀው ዋንጫ

ኢትዮጵያ ካፍን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ናት። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲዘጋጅ የተሳተፉት አራት ቡድኖች ብቻ ነበሩ፤ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ኡጋንዳ እና በዚያን ጊዜ የተባበሩት ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ። አራት ጨዋታ፣ አንድ ስታዲየም። ጥር 13 ቀን ቡድናችን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈ፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎም ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። በ1960 ዓ.ም. ውድድሩን አዲስ አበባና አስመራ፣ በ1968 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባና ድሬዳዋ አስተናግደዋል። ይድነቃቸው ተሰማም ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. ካፍን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

ዘመኑ ግን ተለውጧል። ሞሮኮ እ.ኤ.አ. የ2025ቱን የአፍሪካ ዋንጫ ስታዘጋጅ ቡድኖቹ 24፣ ጨዋታዎቹ 52፣ ስታዲየሞቹ 9 ነበሩ። የትናንቱ ታሪካችን ክብር ነው፤ የዛሬውን ዕዳ ግን አይከፍልልንም።

አስተናጋጁ በሰው ሜዳ

መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋልያዎቹ በባሕር ዳር ስታዲየም ከደቡብ አፍሪካ ጋር ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተጫወቱ። ብዙም ሳይቆይ ካፍ ስታዲየሙ ደረጃውን አያሟላም ብሎ ለዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳያገለግል አገደው። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ከጋና ጋር በሜዳችን ልናደርገው የሚገባንን ጨዋታ በጆሃንስበርግ አደረግነው። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ጨዋታው የእኛ የሜዳ ጨዋታ ነበር፤ የተደረገው ግን በማላዊ፣ በሊሎንግዌ ነው። በኋላም ሞሮኮና ኪንሻሳ «ሜዳችን» ሆኑ። ካፍን የመሠረተች አገር ለዓመታት በሰው ሜዳ እንግዳ ስትቀበል ኖረች ማለት ነው። እንዲያ ያለ ድል በአገሩ ሕዝብ ፊት አለመሆኑ ያሳዝናል።

ቤት ስላልነበረን አይደለም። የባሕር ዳሩ ስታዲየም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የሚይዝ ግዙፍ ሕንፃ ነው። በአዲስ አበባ ከ60 ሺህ ሰው በላይ እንዲይዝ የታሰበው የአደይ አበባ ስታዲየም ግንባታም የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ ይጠናቀቅበታል የተባለው ጊዜ ግን በተደጋጋሚ አልፏል። የካፍ መርማሪዎች ሲመጡ የሚያዩት የሕንፃውን ቁመት ብቻ አይደለም። የሜዳውን ሣርና የውኃ ማስወገጃውን፣ የመልበሻ ክፍሉንና የመታጠቢያ ቤቱን፣ የሕክምና ክፍሉን፣ መብራቱን፣ የተመልካቹን መግቢያና መውጫ በር ያያሉ። እነዚህ ከመንገድ ላይ የሚታዩ፣ በምረቃ ቀን ፎቶግራፍ የሚነሡ ነገሮች አይደሉም።

ከካሜሩንና ከሞሮኮ የምንማረው

እ.ኤ.አ. የ2020ው የአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮና፣ ቻን የሚባለው፣ መጀመሪያ ለኢትዮጵያ የተሰጠ ነበር። በመጨረሻ ግን ያዘጋጀችው ካሜሩን ናት። ካሜሩን በ2014 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫንም ስታዘጋጅ ዋልያዎቹ ጥር 5 ቀን በያውንዴ አዲሱ የኦሌምቤ ስታዲየም ተጫውተዋል። ከ11 ቀን በኋላ፣ ጥር 16፣ በዚያው ስታዲየም መግቢያ ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ ስምንት ሰዎች ሞቱ። ክፍት መሆን የነበረበት በር ተዘግቶ እንደ ነበር የካፍ ፕሬዚዳንት ተናግረዋል። ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት አዲስ ስታዲየም በአንድ በር ምክንያት የልቅሶ ቦታ ሆነ።

የሞሮኮ ትምህርት ደግሞ ሌላ ነው። ስታዲየሞቿ ያማሩ ናቸው፤ ከስፔንና ከፖርቱጋል ጋርም የ2030ን የዓለም ዋንጫ ታዘጋጃለች። ይሁንና በመስከረም 2018 ዓ.ም. ወጣቶቿ አደባባይ ወጡ። በአጋዲር ከተማ በአንድ ሆስፒታል እናቶች በወሊድ ምክንያት መሞታቸው ቁጣውን ቀስቅሶት ስለ ነበር፣ «ስታዲየሙስ ተሠራ፣ ሆስፒታሉስ?» የሚል ጥያቄ አነሡ። ስታዲየም መሥራት ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን የምትወልድ እናት አልጋ ስታጣ የስታዲየሙ ወንበር ቁጥር ይጠየቃል። እግዚአብሔርም የድሀውን ጩኸት ይሰማል።

ተስፋ የሚሰጥ ምሳሌም አለ። ኬንያ ስታዲየሞቿ ስላልተዘጋጁ እ.ኤ.አ. የ2018ን ቻን ተነጥቃ ነበር። አፍራ አልቀረችም። ከኡጋንዳና ከታንዛኒያ ጋር ሆና በነሐሴ 2025 ቻንን አስተናገደች፤ ሦስቱ አገሮች የ2027ን የአፍሪካ ዋንጫም በጋራ እንዲያዘጋጁ ተመርጠዋል። ወድቆ መነሣት ይቻላል ማለት ነው።

ተቀምጦ መቁጠር

ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስለሚወድ ሰው ያስተማረውን እናስታውስ (ሉቃ. 14፥28-30)። ሰውየው መሥራት መፈለጉ አልተነቀፈም። የተነቀፈው ሳይቀመጥና ሳይቆጥር መጀመሩ ነው። መሠረቱን ጥሎ መደምደም ሲያቅተው የሚያዩት ሁሉ ይዘብቱበታል። ነህምያም ኢየሩሳሌም በደረሰ ጊዜ ሕዝቡን ለሥራ ከመጥራቱ በፊት በሌሊት ወጥቶ የፈረሰውን ቅጥርና የተቃጠሉትን በሮች አንድ በአንድ ተመለከተ (ነህ. 2፥11-16)። እኛ ብዙ ጊዜ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ መጀመሪያ እንናገራለን፣ ቀጥለን እናስጨበጭባለን፣ መቁጠሩን ለኋላ እናቆየዋለን።

ወገኖቼ፣ ይህን ስጽፍ መንግሥትን ወይም ፌዴሬሽንን ለመውቀስ ብቻ ከሆነ ግብዝ እሆናለሁ። ፍርድ ከእግዚአብሔር ቤት ይጀምራል ተብሎ ተጽፏልና (1ጴጥ. 4፥17)። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ ራሴ በማገለግልባት ጉባኤ የአምልኮ አዳራሽ ለመሥራት ተነሣን። የቃል መግቢያ ካርድ ታደለ፣ እልልታው ቀለጠ። ዓምዶቹ ቆሙ፣ ከዚያ በላይ ግን አልሄድንም። የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ ናረ እያልን ወራት አለፉ። እውነቱ ግን መጀመሪያውኑ ተቀምጠን አልቆጠርንም፤ ሲያልቅብንም ለሕዝቡ አልተናገርንም። እንጀራ ሸጠው የሚተዳደሩ አንዲት እናት አንድ ቀን ከጸሎት በኋላ ጠብቀውኝ፣ «ፓስተር፣ ለጌታ የሰጠሁትን አልቆጥርም። የት እንደ ደረሰ ግን ብትነግሩን ደስ ይለኛል» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። በቀጣዩ ወር የወጣውንና የገባውን በሙሉ ለጉባኤው አነበብን። አፈርን፤ ነገር ግን ሰዎች እንደ ገና መስጠት የጀመሩት ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

ለአገርም መንገዱ ይኸው ይመስለኛል። ሕዝብ የሚታመነው ትልቅ ነገር ስለ ተነገረው ሳይሆን እውነት ስለ ተነገረው ነው። ስንት ወጣ? ምን ቀረ? መቼ ያልቃል? ውድድሩ ካለፈ በኋላስ ሣሩን የሚያጠጣው፣ መብራቱን የሚጠግነው ማን ነው? እነዚህን መጠየቅ አገርን መጥላት አይደለም።

እኛስ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ስለ መሪዎቻችን እንጸልይ (1ጢሞ. 2፥1-2)፤ ማስተዋልንና ታማኝነትን እንዲሰጣቸው። ሁለተኛ፣ በየጉባኤያችን መሐንዲሶች፣ የሒሳብ ባለሙያዎች፣ ሥራ ተቋራጮችና ግንበኞች አሉ። ወንድሜ፣ እህቴ፣ የምትፈርሙበት የክፍያ ሰነድና የምትቆጣጠሩት የሲሚንቶ ድብልቅ ለጌታ የሚቀርብ አገልግሎት ነው (ቆላ. 3፥23)። ማንም የማያየውን የውኃ ቧንቧ በትክክል የቀበረ ሰው መድረክ ላይ ከዘመረው አያንስም። ሦስተኛ፣ እኛ መጋቢዎች የቤታችንን ሒሳብ እናንብብ። ያላነበብነውን ከሌላ ልንጠይቅ አንችልምና።

ለዚያ ወጣት በቀጣዩ እሁድ መልሴን ሰጠሁት። «ጸልይ» አልኩት፤ «እንግዶች እንዲመጡልን ጸልይ። እንግዳ መቀበል የአብርሃም በረከት ነው። ነገር ግን አብርሃም እንግዶቹን ሲቀበል እግራቸውን የሚታጠቡበት ውኃ አስቀርቧል።»

ጌታ ተቀምጠን የምንቆጥርበትን ትሕትናና የጀመርነውን የምንፈጽምበትን ጸጋ ይስጠን። አሜን።