«ከውጭ የመጣ ነው» የሚለው ክስ

የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር «ፈረንጅ ያመጣው ነው» የሚለው አባባል በኢትዮጵያ ማስረጃ ከማይጠየቅባቸው አባባሎች አንዱ ነው። በጉራጌ አካባቢ የምትገኘው የእንሴኖ ከተማ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በብዙ ነገር ቢለያዩም በዚህ ላይ አይለያዩም፤ የአዲስ አበባው ምሁርም ከገጠሩ ገበሬ አይለይም። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2007 አስተያየታቸውን ከጠየቃቸው ኢትዮጵያውያን 97 በመቶው ኅብረተሰቡ ግብረ ሰዶምን ሊቀበል አይገባም ብለዋል። ቁጥሩ ሰዎች ምን እንደሚያምኑ ይናገራል፤ ነገሩ ከየት እንደመጣ ግን አይናገርም። ሁለቱ እየተደባለቁ ሲቀርቡ መጀመሪያ የሚጎዳው ታሪክ ነው፣ ቀጥሎም ሰው።

ከአዲስ አበባ በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በወላይታ ሶዶ አድርጎ አርባ ምንጭ የሚወርደውን መንገድ ይዞ እስከ ደቡብ ኦሞ የዘለቀ ሰው የማሌን ሕዝብ ያገኛል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዶናልድ ዶንሃም ማሌ ውስጥ ተቀምጦ ባጠናው ጥናት አሽቲሜ ስለሚባሉ ሰዎች ጽፏል። አሽቲሜዎች ወንድ ሆነው ተወልደው እንደ ሴት የሚለብሱ፣ የሴት ሥራ የሚሠሩ፣ ጎጆ የሚይዙ ነበሩ። ካቲ የሚባለው የማሌ ንጉሥ የወንድነት ሁሉ ቁንጮ ተደርጎ ስለሚታይ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እነዚህን ሰዎች በዙሪያው አሰባስቦ ይጠብቃቸው ነበር። ትልቅ ሥርዓት ከሚፈጸምበት ቀን በፊት ባለው ሌሊት ንጉሡ ሴት አይነካም፤ ከአሽቲሜ ጋር ማደር ግን አልተከለከለበትም። ዶንሃም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚያ ሲደርስ ልማዱ ደብዝዞ ነበር። ይህ የተደበቀ ኃጢአት ሳይሆን በቤተ መንግሥት ቦታ የተሰጠው ሥርዓት መሆኑን «አልነበረም» ባዮች ምን ብለው እንደሚያስረዱት ገና አልተሰማም።

ማሌ ብቻውን አይደለም። ክሪስቶፈር ሆልፓይክ እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ኮንሶ ባሳተመው መጽሐፍ ሳጎዳ የሚባሉ፣ ሚስት የማያገቡና ቀሚስ የሚለብሱ ወንዶችን ጠቅሷል፤ ክብር ግን እንዳልነበራቸው አልሸሸገም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የደጋውን አማራ ኑሮ ያጠናው ሳይመን ሜሲንግም እንደ ሴት የሚኖሩ ወንዶች «የፈጣሪ ስህተት» ተብለው በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ታግሠው እንደሚኖሩ መዝግቧል። በአንዱ ሀገር ንጉሥ ይጠብቃቸው ነበር፣ በሌላው ይናቁ ነበር፣ በሦስተኛው ይታዘንላቸው ነበር። በሦስቱም ሀገሬው ያውቃቸው ነበር።

«መስካሪዎቹ እኮ ፈረንጆች ናቸው» የሚል መልስ መምጣቱ አይቀርም። ይህ ሚዛን ከተያዘ ግን የጉራጌን የእንሰት ባህል እ.ኤ.አ. በ1966 በመጽሐፍ ያቀረበው ዊልያም ሻክም፣ የጉራጌ ቋንቋዎችን መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ቮልፍ ሌስላውም መጣል አለባቸው። እነሱን የጣለ የለም፤ እንዲያውም ስለ ጉራጌ በሚጻፍ ጽሑፍ ሁሉ በኩራት ይጠቀሳሉ። ምስክርነቱ ደስ ሲያሰኝ የሚታመን፣ ሲያሳፍር የሚጣል ከሆነ ሰሚው ዳኛ አይደለም።

በተቃራኒው ወገንም ጥፋት አለ። ገድለ ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1672 ተጽፎ በ2015 በዌንዲ ሎራ ቤልቸርና በሚካኤል ክላይነር ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ፣ ስለ መነኮሳይያት የሚናገር አንድ ክፍልና ወለተ ጴጥሮስ ከባልንጀራዋ መነኩሲት ከእኅተ ክርስቶስ ጋር የነበራት ቁርኝት የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር ማስረጃ ተደርጎ በውጭ ብዙ ተወራ። ከኢትዮጵያ ሊቃውንትና አማኞችም ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በገዳም ሥርዓት የኖረችን፣ ካቶሊክነትን ያስገባውን ዐፄ ሱስንዮስን የተገዳደረችን ሴት በዛሬ መጠሪያ መጥራት ችኮላ ነው። አሽቲሜንም በዛሬው የከተማ ስም መጥራት ያው ስህተት ነው። ያለፉ ሰዎች ለአሁኑ ክርክር መሣሪያ ሆነው አልኖሩም። ዳሩ ግን የአንድ ገድል ትርጓሜ አጨቃጫቂ መሆኑ የማሌንና የኮንሶን መዝገብ አይፍቀውም።

ከውጭ የመጣ ነገር ከተፈለገ ሕጉን መመልከት ይበቃል። ፍትሐ ነገሥት ድርጊቱን ያወግዛል፤ እሱ ራሱ ግን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ አስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል በዐረብኛ ያሰናዳው፣ ኋላም ወደ ግእዝ የተመለሰ መጽሐፍ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቀው ደግሞ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ነበር። አንቀጽ 600 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በቀላል እስራት ሲቀጣ፣ በአርቃቂው ሀገር በአዋቂዎች ፈቃድ የሚፈጸመው ግንኙነት እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ ወንጀል መሆኑ ቀርቶ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ክልከላውን በአንቀጽ 629 አስቀጠለ። ቀላል እስራት ማለት በመሠረቱ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው፤ ማክበጃዎቹ በአንቀጽ 630 ተዘርዝረዋል። «የአባቶቻችን ሕግ» እየተባለ የሚወደሰው አንቀጽ እንግዲህ የዘር ሐረጉ ካይሮና ጄኔቫ ይደርሳል።

ዘመቻውም የቅርብ ነው። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. የሃይማኖት መሪዎች በአንድነት ተሰብስበው የውግዘት መግለጫ አወጡ። በ2006 ዓ.ም. ግብረ ሰዶምን ይቅርታ ከማያሰጡ ወንጀሎች ተርታ የሚያሰልፍ ረቂቅ ቀርቦ ተተወ፤ በሚያዝያ በግብረ ሰዶም ላይ ታቅዶ የነበረው የተቃውሞ ሰልፍም ተሰረዘ። ከሁሉ የከፋው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የሆነው ነው። የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ ድርጊቱ ይፈጸምባቸዋል በተባሉ ሆቴሎች፣ መጠጥ ቤቶችና እንግዳ ማረፊያዎች ላይ እርምጃ መጀመሩን አስታውቆ ሕዝቡ እንዲጠቁም ጠየቀ። በዚያው ሰሞን በቲክቶክ የሰው ፎቶና ስም እየተለጠፈ ድብደባ የሚጠራበት ቪዲዮ ይዘዋወር ነበር፤ «ሐውስ ኦፍ ጉራማይሌ» የተባለው የኢትዮጵያውያን ድርጅት መድረኩ እንዲያስቆመው ጠይቋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል። ለሕዝብ ሞራል ሲባል ሊገደብ ይችላል፤ የሚገደበው ግን አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና በዝርዝር ሕግ እንጂ በጎረቤት ጥቆማና በቪዲዮ አይደለም።

ይህ ሁሉ ጤናንም ይነካል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ መምህር ጌትነት ታደለ በከተማዋ ከወንድ ጋር ግንኙነት የሚፈጽሙ ወንዶችን አነጋግሮ እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 ባሳተማቸው ጥናቶች ኤችአይቪ በእነዚህ ሰዎች ዘንድ ያለበትን ሁኔታ መርምሯል። እርስ በርሳቸው «ዜጋ» ይባባላሉ። «የለም» የተባለ ሰው በምክር አገልግሎትም ሆነ በመከላከያ ዘመቻ ዕቅድ ውስጥ አይገባም፤ ቫይረሱ ግን የቆጠራ መዝገብ አያይም።

«ባህላችን ነው» የሚለው መከራከሪያም ቢሆን ባህልን እንደ ሐውልት የቆመ ነገር ያደርገዋል። በጉራጌ የሚታወቀው ታሪክ ሌላ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቃቄ ውርድወት የሴትን ድምፅ በማይሰማው የጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ ስለ ሴቶች ጋብቻና ፍቺ ተሟገተች። ያን ጊዜ «ሥርዓታችንን አፈረሰች» ተብላለች፤ ዛሬ በቲያትር ትወደሳለች። ውርድወት የተሟገተችው ስለ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሸንጎው ግን የሚከራከሩበት ሸንጎ ነበር።

ሰውን «ነባር» እና «መጤ» እያሉ መክፈል ምን እንደሚያስከትል እንሴኖ ከማንም በላይ ታውቃለች። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በመስቃንና በማረቆ ሕዝቦች መካከል በአስተዳደር ይገባኛል ምክንያት በተነሣው ግጭት በአካባቢዋ ሰው ሞቷል፣ ቤት ተቃጥሏል፣ ብዙው ተፈናቅሏል። «ከየት መጣህ?» የሚለው ጥያቄ አንዴ ከተለመደ የሚመለስበትን ሰው አይመርጥም።

ሃይማኖቱ የማይፈቅድለት ሰው አይፈቅድልኝም የማለት መብት አለው፤ በእምነቱ ላይ የሚፈርድ ታሪክ የለም። «በሀገራችን አልነበረም» የሚለው ግን የእምነት ጉዳይ ሳይሆን የማስረጃ ጉዳይ ነው፤ ማስረጃውም ይቃወመዋል። ከስብከት መድረክም፣ ከፖሊስ መግለጫም፣ ከረቂቅ ሕግ መግቢያም ሊወጣ ይገባል።