ፋይናይት ስቴት ማሽን ለአማርኛ ያንሳል ለሚሉ፦ ምላሽ

አማርኛን ለኮምፒውተር የማስተማር ነገር በተነሣ ቁጥር አንድ አስተያየት ቀድሞ ይሰማል፦ ፋይናይት ስቴት ማሽን (ቃሉን ፊደል በፊደል እያነበበ ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ የሚሻገር ማሽን) ጊዜው አልፎበታል፤ ሥርና ቅርጽ የተጠላለፉበት ቋንቋ ለእሱ አይመችም፤ የሚያዋጣው ኒውራል ኔትወርክ ብቻ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም።

የተቺዎቹ ጠንካራ ነጥብ ማስታወስ ነው። የማሽኑ ሁኔታዎች ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ በቃሉ መነሻ ላይ ያየውን እስከ መድረሻው ይዞ መሄድ አይችልም ይላሉ። «አልመጣም» የሚለውን ግን እንውሰድ። ማሽኑ «አል»ን ሲያነብ «ም»ን ወደሚጠብቅ ሁኔታ ይሻገራል። «ካልመጣ» ሲሆን ደግሞ «ካ»ን «ከ» እና «አ» አድርጎ ያወጣና «ም» በማይጠየቅበት መንገድ ይቀጥላል። («አልመጣ አለ» የሚለው አነጋገርም የራሱ መውጫ ይበጅለታል።) ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ጥቂት ተጨማሪ ሁኔታዎችን ብቻ ነው።

እያነበበ ውጤት የሚሰጥ ማሽን በሚሊ (1955 እ.ኤ.አ.) እና በሙር (1956) ከተቀረጸ ቆይቷል። የሥርና የቅርጹንም ጉዳይ ማርቲን ኬይ በ1987 በዐረብኛ አሳይቶታል። ለአማርኛ ሳባ አምሳሉና ዳፊድ ጊቦን በ2005 ሠርተውታል። የማይክል ጋሰር ሆርንሞርፎ የተባለው ፕሮግራምም አማርኛን፣ ትግርኛንና ኦሮምኛን ይተነትናል፤ አቅጣጫውን ሲቀይሩት ደግሞ ከሥሩ ተነሥቶ ቃሉን ይመሠርታል። «አይቻልም» የሚለው ክርክር እንግዲህ በሥራ ተመልሷል።

«ይመታል» ለሚለው ቃል ማሽኑ ሁለት ውጤት ይሰጣል፤ በአንዱ ባለቤቱ መቺ ነው፣ በሌላው ተመቺ። ፊደላችን መጥበቅን ስለማያሳይ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ከዐረፍተ ነገሩ አይቶ አንዱን በመምረጥ ኒውራል ኔትወርክ እንደሚበልጥ አምናለሁ። ነገር ግን እሱ ብዙ ጽሑፍ ይፈልጋል። ማሽኑ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ካገኘ ያለ ኢንተርኔት በአንድ ላፕቶፕ ይሠራል፤ ሲሳሳትም ጥፋቱ የትኛው ሕግ ላይ እንደሆነ ተፈልጎ ይገኛል።

እውነተኛው ድክመት ያለው መዝገቡ ላይ ነው። ቃሉ «ከመርሳ» ብሎ ካበቃ የተጠቀሰችው የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ናት፤ «ት» ከተከተለ ግን «ረሳ» የሚለው ግስ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ውጤቱን እስከ መጨረሻው ፊደል ማቆየት አለበት፤ ከሁሉ በፊት ግን መርሳ በመዝገቡ ውስጥ መኖር አለባት። የአካባቢዋ ሲሪንቃም፣ ወልዲያም እንዲሁ። ይህን መዝገብ ለመሙላት ከወልዲያ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋና የኮምፒውተር ተማሪዎች የተሻለ ቅርበት ያለው የለም፤ ለመመረቂያ ሥራም የሚበቃ ርእስ ነው።