ስምን ማን ያወጣዋል?

አበው «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ። ለሰው ስም ሲሆን አባባሉን መቀበል አይከብድም። ለቦታ ስም ሲሆን ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ለአዲስ አበባ ሰፈሮች «እሪ በከንቱ» እና «ዶሮ ማነቂያ» የሚሉ ስሞችን ያወጣ መልአክ ካለ፣ ጨዋታ አዋቂ መልአክ መሆን አለበት። ውድ አንባቢ፣ ይህችን ጽሑፍ የማቀርበው ግን ለሳቅ ብቻ አይደለም። አስቂኝ የምንላቸው የቦታ ስሞች ጉዳይ፣ ጠለቅ ብለው ሲመረምሩት የሥልጣን ጉዳይ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ለመሆኑ አንድ ቦታ ምን ተብሎ እንደሚጠራ የመወሰን መብት የማን ነው? የነዋሪው? የመንግሥት? ወይስ የገንዘብ?

ከሩቁ ልጀምር። በኦስትሪያ፣ ከጀርመን ድንበር አጠገብ፣ አንድ መቶ ገደማ ሰዎች የሚኖሩባት የገጠር መንደር አለች። የመንደሪቱ ስም በነዋሪዎቿ ዘንድ ለብዙ መቶ ዓመታት አንዳች ክፉ ትርጉም አልነበረውም፤ በእንግሊዝኛ ሲነበብ ግን ጨዋ ሰው በአደባባይ የማይናገረው ቃል ነው። ከዚህ የተነሣ ቱሪስቶች ከመንደሪቱ ምልክት ሥር ፎቶግራፍ ለመነሣት መጉረፍ ጀመሩ፤ ምልክቱን ነቅለው የሚሰርቁትም በዙ። በኮንክሪት አጠናክረው ቢተክሉትም መከራው አላበቃም። በመጨረሻ የአካባቢው ምክር ቤት ስሙ እንዲለወጥ ወሰነና እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ መንደሪቱ «ፉጊንግ» ተባለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ስሙን አስቂኝ ያደረገው መንደርተኛው አይደለም፤ በመኪና ሲያልፍ ያነበበው እንግዳ ነው። የኦስትሪያው ገበሬ በሌላ ሰው ቋንቋ ምክንያት አያቶቹ ያወረሱትን ስም ጣለ። ያም ሆኖ ውሳኔው የመጣው ራሱ ከመረጣቸው ተወካዮች ነውና፣ ቅር ቢለኝም አልፈርድበትም።

ሌላው ሳይቀድማቸው በስማቸው የሳቁም አሉ። በስኮትላንድ «ደል» የምትባል መንደር፣ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ደግሞ «ቦሪንግ» የምትባል ትንሽ ከተማ ይገኛሉ። ሁለቱም ቃላት በእንግሊዝኛ አሰልቺነትንና ድብርትን የሚያመለክቱ ናቸው። የኦሪገኗ ቦሪንግ ግን ስሟን ያገኘችው ከአንድ ቀደምት ሰፋሪ የቤተሰብ ስም ነው። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ወዳጅነት መሠረቱ፤ ጥቂት ቆይቶም ጣዕም የለሽ የሚል ትርጉም ያለው ስም የያዘ «ብላንድ» የተባለ የአውስትራሊያ ወረዳ ሦስተኛ ሆኖ ተቀላቀላቸው። ድብርት፣ መሰልቸትና ጣዕም ማጣት እጅ ለእጅ ተያያዙ ማለት ነው። በስሙ የማያፍር ሰው ሌላው ቢስቅበት ምን ይጎድልበታል?

ገንዘብ ስም ሲያወጣስ? በኒው ሜክሲኮ ግዛት «ሆት ስፕሪንግስ» የምትባል ከተማ ነበረች፤ በእኛ አነጋገር «ፍል ውኃ» ብንላት ያስኬዳል። እ.ኤ.አ. በ1950 አንድ እውቅ የሬዲዮ የጨዋታ ፕሮግራም፣ ስሙን ለሚወርስለት ከተማ ዝግጅቱን ከዚያው ከከተማው እንደሚያስተላልፍ ቃል ገባ። ከተማዋም ፍል ውኃነቷን ትታ የፕሮግራሙን ስም ወሰደችና «ትሩዝ ኦር ኮንሲኩዌንስስ»፣ ማለትም «እውነት ወይም መዘዝ» ተባለች። ፕሮግራሙ ከሬዲዮ ከጠፋ ዘመናት አልፈዋል። ስሙ ግን ዛሬም አለ፤ ነዋሪዎቹ ከዓመታት በኋላ እንደገና ድምፅ ሰጥተው እንዲቆይ ፈቅደዋልና።

በአንጻሩ በዚያችው በኦሪገን «ሀፍዌይ» የምትባል ትንሽ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ማብቂያና በ2000 መግቢያ ላይ፣ ለአንድ ዓመት ያህል «ሀፍ ዶት ኮም» በተባለ የኢንተርኔት መደብር ስም ለመጠራት ተስማማች። በምላሹም የአክሲዮን ድርሻና ኮምፒውተሮች ተሰጧት። መደብሩ እ.ኤ.አ. በ2017 ተዘጋ፤ ከተማዋ ግን ዛሬም ሀፍዌይ ናት። ስም በኪራይ ሊሰጥ ይችል ይሆናል፤ ሰው አፍ ላይ ካልሰፈረ ግን ኪራዩ ሲያበቃ ይወጣል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልግባ። በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ «ባትማን» የምትባል ትልቅ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2008 የከተማይቱ ከንቲባ፣ የሌሊት ወፍ ለባሹን ጀግና ፊልም የሠሩትን ሰዎች «ስማችንን ያለ ፈቃዳችን ወስዳችኋል» በሚል እከሳለሁ ማለታቸው ዓለምን አሥቆ ነበር። ከሳቁ በስተጀርባ ግን ሌላ ታሪክ አለ። ከተማይቱ እስከ 1950ዎቹ ድረስ «ኢሉህ» የምትባል መንደር ነበረች። ነዳጅ ዘይት ከተገኘ በኋላ አድጋ በአጠገቧ በሚፈሰው ወንዝ ስም ባትማን ተባለች። በዚያው በሃያኛው ክፍለ ዘመን የቱርክ መንግሥት በሺህ የሚቆጠሩ የኩርድ፣ የአርመን፣ የግሪክና የሌሎች ሕዝቦች የቦታ ስሞችን በቱርክኛ ለውጧል። ስለዚህ በዚያ አካባቢ የስም ክርክር በሆሊውድ አይጀምርም። ዋናው ጥያቄ፣ ሕዝቡ በራሱ ቋንቋ ያወጣውን ስም ማን፣ በምን ሥልጣን ፋቀው የሚል ነው።

ይህን ስል የቆየ ስም ሁሉ ቅዱስ ነው ማለቴ አይደለም። በስፔን «ካስትሪዮ ማታኹዲዮስ» የምትባል መንደር ነበረች፤ «ማታኹዲዮስ» የሚለው ቃል «አይሁድን ግደል» የሚል ትርጉም ይሰጣል። ታሪክ አጥኚዎች እንደሚሉት የመንደሪቱ ጥንታዊ ስም የአይሁዳውያን ጉብታ ማለት ነበር፤ አይሁዳውያን እ.ኤ.አ. በ1492 ከስፔን ከተባረሩ በኋላ ግን ስሙ ተጣመመ። እ.ኤ.አ. በ2014 ነዋሪዎቹ ተሰብስበው ድምፅ ሰጡና 29 ለ19 በሆነ ውጤት ወደ ጥንቱ ስም ለመመለስ ወሰኑ። አንድ አዳራሽ የማይሞላ ሕዝብ፣ አንድ ትልቅ መንግሥት ለመቶ ዓመታት ያልሠራውን ሥራ ሠራ። ስም ሰውን የሚያቆስል ሲሆን መለወጥ አለበት፤ ለዋጩም ነዋሪው ሲሆን ለውጡ ሥር ይይዛል።

የዚህን ተቃራኒ ደግሞ በካናዳ እናገኛለን። በኦንታሪዮ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1908 የተቆረቆረች «ስዋስቲካ» የምትባል የማዕድን ከተማ አለች። ስዋስቲካ ናዚዎች ከመውሰዳቸው በፊት በብዙ አገሮች የመልካም ዕድል ምልክት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የግዛቱ መንግሥት ስሙን ሽሮ ለቸርችል ክብር «ዊንስተን» ብሎ ሰየማት። ነዋሪዎቹ ግን አዲሱን ምልክት እየነቀሉ የቀድሞውን መለሱ፤ ሂትለር ከመምጣቱ በፊት ስሙ የእኛ ነበር የሚል ነበር ክርክራቸው። የስሙ ተገቢነት እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ እኔም እዚያ ብኖር ምናልባት ለመለወጡ ድምፄን እሰጥ ነበር። ሳያማክሩ ከላይ የሚወርድ ስም ግን፣ የቸርችልን ያህል ታላቅ ሰው ቢያነሣም እንኳ፣ ሕዝብ አፍ ላይ እንደማይሰፍር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ያለ አይመስለኝም።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። አዲስ አበባ ከዚህ አንጻር የታደለች ከተማ ናት። አብዛኞቹ የሰፈሮቿ ስሞች ያለ ኮሚቴና ያለ አዋጅ የወጡ ናቸው። «ሰባራ ባቡር»ን እንውሰድ። ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለ አርመናዊ ለዳግማዊ ምኒልክ ያስመጣው፣ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ነበር፤ ሕዝቡ ባቡር አለው። ባቡሩ ተሰብሮ የቆመበት ሰፈር እስከ ዛሬ ሰባራ ባቡር ይባላል። የትኛው መንግሥት ነው የተሰበረ ማሽኑን በሰፈር ስም የሚዘክር? ሕዝብ ግን ይዘክራል፤ ሕዝብ ከሐውልት ይልቅ ያየውን ያስታውሳልና።

«ለገሃር»ም ከፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ መጠሪያ የመጣ ነው። «ካዛንቺስ» ደግሞ ከዚህ የበለጠ ያስደንቃል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራ፣ በምሕጻረ ቃል «ኢንቺስ» የተባለ ድርጅት ነበረ፤ ቤቶቹም «ካዜ ኢንቺስ» ይባሉ ነበር። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባረረ። የአዲስ አበባ ሰው ግን ቃሉን በራሱ አፍ አላምጦ፣ ጣሊያናዊ ቢሰማው እንኳ በማይለየው አኳኋን የራሱ አደረገው። በቅርብ ዘመን ደግሞ የቼችንያ ጦርነት በዜና ሲናኝ፣ ሌሊቱን በጭፈራ የሚያሳልፍ አንድ ሰፈር «ቺቺኒያ» ተባለ። ይህ ሁሉ የሚያሳየው ሕዝቡ የዓለምን ታሪክ ሰምቶ፣ ቀልዶበት፣ በየመንገዱ እንደ ጻፈው ነው።

መንግሥታት ያወጡት ስምስ? መስቀል አደባባይን ደርግ አብዮት አደባባይ አለው፤ ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ስሙም አብሮ ወደቀ። በሥልጣን የመጣ ስም ከሥልጣን ጋር ይሄዳል። ከላይ ወጥተው የተወደዱ ስሞች አልፎ አልፎ መኖራቸውን አልክድም። ሜክሲኮ አደባባይ አንዱ ነው። ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም በማለቷ ውለታዋ በአዲስ አበባ እምብርት ተዘከረ፤ በሜክሲኮ ከተማም በበኩሉ «ኢትዮጵያ» የሚባል አደባባይና የባቡር ጣቢያ አለ። እንዲህ ያለው ስም የጸናው፣ ሕዝቡ የሚያምንበት ውለታ ስለ ነበረው ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ደረስኩ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዙሪያ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የቆዩ ሰፈሮች ለልማት ፈረሱ፤ በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። ነዋሪዎቹም ወደ ልዩ ልዩ የከተማይቱ ክፍሎች ተበተኑ። ስለ ማፍረሱ ተገቢነት የሚከራከሩ ብዙ ናቸውና እዚህ አልመለስበትም። የእኔ ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው። ቤቱ ፈርሷል፤ ጎረቤት ተለያይቷል፤ በሰፈሩ ስም ይጠራ የነበረው እድር አባላቱ ርቀው ርቀው ይገኛሉ። ለእነዚህ ሰዎች ከሰፈራቸው የቀራቸው ብቸኛ የጋራ ንብረት ስሙ ነው። እርሱም ከካርታው ከጠፋ፣ የልጅ ልጆቻቸው «የት ነበር የምትኖሩት?» ብለው ሲጠይቁ በጣት የሚያመለክቱት ነገር አይኖራቸውም።

«ዶሮ ማነቂያ ለአንድ ዓለም አቀፍ ከተማ ክብር አይመጥንም» የሚሉ ወገኖች እንዳሉ አውቃለሁ። ለእነርሱ መልሴ አጭር ነው። ደልና ቦሪንግ በስማቸው አላፈሩም። እሪ በከንቱ የሚለው ስም ጮኾ የሚደርስለት ያጣ ሰው እንደ ነበረ ይናገራል፤ እንዲህ ያለውን ምስክርነት በየትኛው የመንግሥት ሰነድ ውስጥ እናገኘዋለን? የድሃን ስም ማሳመር ድህነትን አያጠፋም፤ ድሃው እንደ ነበረ የሚያስታውሰውን ብቻ ያጠፋል።

«አዳማ ናዝሬት ስትባል ኖራ እ.ኤ.አ. በ2000 የቀድሞ ስሟን አልመለሰችምን? ቢሾፍቱስ ደብረ ዘይት አልነበረችምን?» ብሎ የሚጠይቀኝም አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለእኔም ሐሳብ ይደግፋል። እነዚያ ከተሞች በአገሬው ቋንቋ የነበራቸው ስም ነዋሪው ሳይጠየቅ ከላይ ተለውጦባቸው ነበር። የጥንቱ ስም መመለሱ ፍትሕ ነው። በሌላው ስም ያደጉ ሰዎች ዛሬም በለመዱት ቢጠሩት ደግሞ ወንጀል አይደለም። ለኢሉህ የምመኘውን ለአዳማ፣ ለአዳማ የምመኘውን ለዶሮ ማነቂያ እመኛለሁ።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ማንም ባለሥልጣን የነዋሪውን ድምፅ ሳይሰበስብ የሰፈር ስም አይለውጥ፤ ስድሳ የማይሞሉ የስፔን መንደርተኞች ያደረጉት ለእኛ ሊያቅተን አይገባም። ሁለተኛ፣ በፈረሱት ሰፈሮች ላይ የሚሠሩ መንገዶች፣ ፌርማታዎችና መናፈሻዎች የቀድሞውን ስም ይያዙ፤ ወጪው የአንድ ምልክት ዋጋ ነው። ሦስተኛ፣ ስሞቹ እንዴት እንደ ወጡ የሚያውቁ አዛውንት በሕይወት ሳሉ ቃላቸው ይመዝገብ። የመጀመሪያውና ሁለተኛው የመንግሥትን ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ሦስተኛውን ግን እኔም አንተም አንቺም ዛሬ ማታ ከአያቶቻችን ጋር ልንጀምረው እንችላለን።

ቸር ያሰንብተን።