ፊደል ላልቈጠረ መንገደኛ የሚመቸው ባቡር የትኛው ነው?

ባለፈው ሴሚስተር በክፍላችን ውስጥ አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ጥያቄው «በዓለም ከተሞች ካሉት የምድር ውስጥ ባቡሮች ለተሳፋሪ የሚቀለው የየትኛው ከተማ ነው?» የሚል ነበር። አንዱ ጓደኛችን ኒው ዮርክን፣ ሌላው ቶኪዮን ይዞ ተነሣ። የመሥመሩ ርዝመት፣ የጣቢያው ብዛት፣ የባቡሩ ፍጥነት ሁሉ ተዘረዘረ። እኔ ግን እነርሱ ሲከራከሩ የማስበው አያቴን ነበር። እውነቱን ለመናገር ከምድር በታች በሚሄድ ባቡር ተሳፍሬ አላውቅም፤ የማውቀው የከተሞቹን ካርታ በማጥናትና ዋሽንግተን የሚኖረው አጎቴ ከሚነግረኝ ነው። ቢሆንም አስተያየቴን ለአንባቢ ከመግለጽ አልቈጠብም።

አያቴ ፊደል አልቈጠሩም። ከመገናኛ ተነሥተው ሜክሲኮ አካባቢ ወደሚኖሩት እኅታቸው ሲሄዱ የሚሳፈሩት በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነው። ባቡራችን አብዛኛውን መንገድ የሚሄደው ከምድር በላይ ነው፤ የተሳፋሪው ጭንቀት ግን ያው ነው። አያቴ ባቡሩን በቀለሙ ይለዩታል፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄደው አረንጓዴ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄደው ሰማያዊ ነውና። ሁለቱም መካከል ከተማ ላይ በአንድ ሐዲድ ስለሚያልፉ፣ ሲመለሱ ሰማያዊውን አሳልፈው አረንጓዴውን ይጠብቃሉ። ችግሩ መውረጃው ላይ ነው። ባቡሩ በቆመ ቍጥር ከመቍጠሪያቸው አንድ ፍሬ ያሳልፋሉ። አንድ ቀን ታዲያ ከጎናቸው የተቀመጡ ሴት ስለ ልጃቸው ሠርግ ሲያጫውቷቸው ቍጥሩ ጠፋባቸውና ጦር ኃይሎች ደረሱ። ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን መሄድ ትተዋል። ስለዚህ እኔ ትምህርት ቤት በምውልበት ቀን እኅታቸውን አያዩም ማለት ነው።

እንግዲህ የእኔ ሚዛን ይህ ነው፤ አያቴን ያለ እኔ እኅታቸው ዘንድ የሚያደርስ ባቡር የትኛው ነው? (ዓመተ ምሕረቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

በዚህ ሥራ ቀዳሚዋ ለንደን ናት፤ የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር በ1863 በእንፋሎት ኃይል ተጀመረ። በ1933 ሃሪ ቤክ የተባለ የኤሌክትሪክ ንድፍ ሠራተኛ ያዘጋጀው ካርታ ታተመ። ቤክ ርቀትን ትቶ መሥመሩን ሁሉ ቀጥ ባለና በተጋደመ ቅርጽ ስለሣለው፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ከተሞች የእርሱን መንገድ ተከትለዋል። እኔም ካርታውን እጅግ እወደዋለሁ። ነገር ግን የተጻፈው ለሚያነብ ሰው ነው፤ ደግሞም አንዳንዴ ያሳስታል። ሌስተር ስኩዌርና ኮቨንት ጋርደን የሚባሉት ጣቢያዎች የሚራራቁት 260 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ካርታውን ብቻ ያየ እንግዳ ግን በእግሩ በጥቂት ደቂቃ ለሚደርስበት መንገድ ገንዘቡን ከፍሎ ይሳፈራል።

ኒው ዮርክ በ1904 ተጀምሮ ዛሬ ሌሊትና ቀን የሚሠራ፣ ቅርብም ሩቅም ቢሄዱ ዋጋው አንድ የሆነ ባቡር አላት። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በብዙ መሥመር ላይ በየጣቢያው የሚቆምና ጣቢያ እየዘለለ የሚሄድ ባቡር ጎን ለጎን አሉ። ማንሃተን ውስጥ ደግሞ «23ኛ መንገድ» የሚባሉ አምስት ልዩ ልዩ ጣቢያዎች ይገኛሉ። እዚያ እንገናኝ ብለው የተቃጠሩ ሁለት ሰዎችን እግዚአብሔር ይርዳቸው! በአጎቴ ከተማ በዋሽንግተን ዋጋው እንደ ርቀቱ ስለሚለያይ ሲገቡ ብቻ ሳይሆን ሲወጡም ካርድ ማስነካት ያስፈልጋል።

የሞስኮው ዘዴ አስደንቆኛል። በ1935 በተከፈተው በዚያ ባቡር ወደ መካከለኛው ከተማ ሲሄዱ የጣቢያውን ስም የሚጠራው የወንድ ድምፅ፣ ከመካከል ወደ ዳር ሲሄዱ የሴት ድምፅ እንዲሆን ለረጅም ዘመን ተለምዷል። ማንበብ የማይችል ሰው አቅጣጫውን በጆሮው ያውቃል። ቶኪዮ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ ለየጣቢያው ቍጥር ሰጥታለች፤ በጊንዛ መሥመር ሺቡያ 01፣ ጊንዛ 09 ነው። ይህ የአያቴ መቍጠሪያ ግድግዳ ላይ ተጻፈ ማለት ነው! አያቴ ፊደል ባይለዩም በብር ላይ ያለውን ቍጥር አይስቱም። ሆኖም የቶኪዮን የምድር ውስጥ ባቡር የያዙት ሁለት ድርጅቶች ስለ ሆኑ የቲኬቱ ሂሳብ ያስቸግራቸው ነበር።

እኔ የምመርጠው የሜክሲኮን ከተማ ነው። ባቡሩ በ1969 ሲከፈት ማንበብ የማይችል ነዋሪ ብዙ ስለ ነበር፣ ለየጣቢያው ስም ብቻ ሳይሆን ሥዕልም ተሰጠው፤ የመጀመሪያዎቹን ያዘጋጀው ላንስ ዋይማን የተባለ አሜሪካዊ ነው። ቻፑልቴፔክ ማለት በጥንቱ ቋንቋ «የፌንጣ ኮረብታ» ስለ ሆነ የጣቢያው ሥዕል ፌንጣ ነው። ከፌንጣው ጣቢያ ተሳፍሮ የፈለገው ሥዕል ላይ ለመውረድ ዓይን ብቻ ይበቃል። አንድ ጓደኛዬ በ2021 በዚያው ከተማ ድልድይ ተደርምሶ ባቡር ወድቆ ከ20 ሰው በላይ መሞቱን አንሥቶ ተቃወመኝ። እውነቱን ነው፤ ምቾት ደኅንነትን አይተካም። ሌላው «ዛሬ ሁሉን ስልክ ይናገራል» አለ። የአያቴ ስልክ ግን ከመጥራት በቀር የሚናገረው የለም።

ከዚያ ክርክር በኋላ የሜክሲኮን ሥዕሎች ለአያቴ አሳየኋቸው። ከመካከላቸው የአንበሳ ራስ የተሣለበት አንድ ጣቢያ አለ፤ ስሙም «ኢትዮጵያ» ነው። ሜክሲኮ ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ በመንግሥታት ማኅበር ስለ እኛ የተከራከረች አገር መሆኗን፣ የእኛም ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው ከዚህ መሆኑን ነገርኳቸው። አያቴ አንበሳውን ጥቂት ሲመለከቱ ቆዩና፦

«ታዲያ እኔ የምወርድበት ሜክሲኮ ላይ ምን ተሥሏል?» አሉኝ።

«ያየሁት ሥዕል የለም፤ ስሙ ግን ተጽፏል» አልኳቸው።

«እንግዲያው ልጄ፣ እነርሱ አንበሳችንን ከወሰዱ እኛ ያንን ፌንጣ ብንወስድ ይቀየሙናል?»