ስለ አዲሱ ማጫወቻ፤ ከመግዛታችን በፊት



በዚህ ዓመት በመካከላችን ብዙ ክርክር ተደርጓል። ነገር ግን በዕረፍት ሰዓት ከዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስበን እንደ አዲሱ ማጫወቻ ያከራከረን ነገር የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ይኸውም በጂንካ የቅዳሜ ገበያ በየመደቡ ተደርድሮ የሚታየው፣ መጠኑ ከእጅ መዳፍ ብዙ የማይበልጥ፣ በጀርባው የፀሐይ ኃይል መቀበያ የተለጠፈበት፣ ሚሞሪ ካርድ ሲያጎርሱት የሚዘፍን፣ ሬዲዮም መብራትም ድምፅ መቅጃም ያለው መሣሪያ ነው። አንዳንዱ ጓደኛችን ያለ እርሱ መኖር የሚቻል አይመስለውም። አንዳንድ መምህራን ደግሞ ይህ ነገር የጥናት ጠላት ነው ይላሉ። እኔ አንዱን ገዝቼ በጂንካም፣ በትውልድ መንደሬ በኮልቾም ከስድስት ወር በላይ ስለ ተጠቀምሁበት፣ መልካሙንና ጉድለቱን መዝኜ ሐሳቤን ልገልጽ ተነሥቻለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ዘፈንን በኪስ ይዞ መሄድ ዛሬ የተጀመረ ነገር እንዳልሆነ ማወቅ ይገባናል። ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በካሴት የሚሠራውን ዎክማን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ካሴቱን ትቶ ድምፅን በኤም ፒ ሦስት መልክ የሚያጫውተው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1998 ከደቡብ ኮሪያ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ አፕል አይፖድን አወጣ፤ የመጀመሪያው አይፖድ 5 ጊጋባይት ሲሆን ወደ 1000 ዘፈን ይይዝ ነበር። ሥራውን ሁሉ ስልክ ስለ ወሰደበት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 አይፖድ መመረቱ ቀረ። እንግዲህ ሌላው ዓለም የተሰናበተው ዕቃ እኛ ዘንድ ገና አዲስ ሆኖ መድረሱ ነው። ይህን ሰምቶ የሚስቅ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን አልስቅም። ምክንያቱም የመብራት መስመር በሌለበት ጎጆ ውስጥ ከውድ ስልክ ይልቅ ኃይሉን ከፀሐይ የሚወስድ ርካሽ መሣሪያ ሊሻል ይችላልና። ጥያቄው መሣሪያው አዲስ ወይም አሮጌ መሆኑ ሳይሆን፣ በምንኖርበት ቦታ ምን ይሠራልናል የሚለው ነው።

አሁን ጠባዮቹን አንድ በአንድ እንመልከት።

አንደኛ፣ ስለ ኃይሉ። በገዛሁት ማጫወቻ ካርቶን ላይ ሁለት ነገር ተጽፏል፤ «10 ዋት ድምፅ» እና «8 ሰዓት ያጫውታል»። ባትሪው ግን 3.7 ቮልትና 1000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው። በፊዚክስ ክፍል እንደ ተማርነው ሁለቱን ብናባዛ 3.7 ዋት ሰዓት ይሆናል። እንግዲህ መሣሪያው በእውነት 10 ዋት ቢያወጣ ባትሪው ከ22 ደቂቃ በላይ አይዘልቅም። 8 ሰዓት የሚዘልቅ ከሆነ ደግሞ የሚወስደው ኃይል ግማሽ ዋት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ሁለቱ ጽሑፎች በአንድነት እውነት ሊሆኑ አይችሉም። እኔ በመካከለኛ ድምፅ ሞክሬ ያገኘሁት 5 ሰዓት ያህል ነው። ይህ ለኔ በቂ ነው፤ ቢሆንም ካርቶን አንብቦ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ማባዛትና ማካፈል እንደሚጠቅም ተምሬበታለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ፀሐይ መቀበያው። ሐሳቡ እጅግ መልካም ነው፤ በኮልቾ ፀሐይ የሚያጣ ሰው የለምና። ሆኖም መቀበያው ግማሽ ዋት ብቻ ስለ ሆነ፣ ባዶ ባትሪ ለመሙላት ፀሐይዋ ሳትደበዝዝ ከ7 ሰዓት በላይ ያስፈልጋል። ከዚህ የከፋው ግን መቀበያው ከመሣሪያው ጀርባ ጋር መጣበቁ ነው። ባትሪውን ለመመገብ ባትሪውን ራሱን ፀሐይ ላይ ማስጣት ግድ ይሆናል። የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግሎ ኃይል ሲሞላ ዕድሜው ያጥራል። በኮልቾ ቀትር ላይ ድንጋይ በባዶ እግር አይረገጥም። ስለዚህ ለመግዛት ያሰባችሁ ጓደኞቼ፣ መቀበያው በገመድ የሚለያየውን ዓይነት ፈልጉ፤ መቀበያው ፀሐይ ይሙቅ፣ ማጫወቻው በጥላ ይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሬዲዮው። በጂንካ ከተማ ኤፍ ኤሙ ጥርት ብሎ ይሰማል። በዲመካና በቱርሚ በኩል ወደ ኦሞ ወንዝ ስንወርድ ግን ድምፁ እየደከመ ሄዶ፣ ኮልቾ ስደርስ ሹክሹክታ ብቻ ይቀራል። የኤፍ ኤም ሞገድ በቀጥታ መስመር ስለሚጓዝ ተራራ ያግደዋል። አጭር ሞገድ የሚይዘው ሬዲዮ ግን በሌሊት ከሩቅ አገር ያሰማል። ስለሆነም በቆላ ቤተሰብ ላለው ሰው፣ አጭር ሞገድ የሌለው ማጫወቻ ሬዲዮ አለው ማለት ይከብደኛል።

አራተኛ፣ ስለ ጆሮ ማዳመጫው። የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤል የሚደርስ ድምፅ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ እንዳይሰማ ይመክራል፤ ድምፁ ከዚያ ሲበልጥ ሰዓቱ እጅግ ያጥራል። እኔ ግን ሌላ ነገር ልጨምር። ታናሽ ወንድሜ ፍየሎቹን ይዞ ወደ ወንዙ ዳር ሲወርድ ማዳመጫውን በሁለት ጆሮው ከትቶ አየሁት። ኦሞ አዞ ያለበት ወንዝ ነው። እረኛ የሚጠብቀው በዓይኑ ብቻ አይደለም፤ በጆሮውም ነው። ያን ቀን ማዳመጫውን ቀምቼ ወደ ቦርሳዬ መለስሁት፤ እርሱም እስከ ማታ አላነጋገረኝም።

አምስተኛና ዋናው፣ ስለ ድምፅ መቅጃው ነው። ስገዛው ይህን አዝራር ከቁም ነገር አልቆጠርሁትም ነበር። የፍየል ግልገል ከተሸጠበት ገንዘብ ላይ ከፍዬ የገዛሁት ለዘፈን ነበር። በጂንካ ዘፈን የሚጭን ሱቅ ገብቼ ካርዱን አስሞላሁና በገና ዕረፍት ወደ ኮልቾ ወረድሁ። በመጀመሪያው ማታ ልጆች ሁሉ ከበቡኝ። በሁለተኛው ማታ አያቴ ወደ መሣሪያው እያዩ «ይህ ሰውዬ አይደክመውም? መስማትስ አያውቅም?» አሉኝ። ይሰማል እንጂ ብዬ አዝራሩን ተጫንሁትና አንድ ነገር ይበሉ አልኋቸው። እርሳቸውም ማሽላ ሲጠብቁ፣ ወፍ ሲያባርሩ በልጅነታቸው ያዜሙት የነበረውን ዜማ አዜሙ። መልሼ ሳሰማቸው ዝም ብለው እስከ መጨረሻው አዳመጡና «አንዲት ቃል ዘልያለሁ፤ እንደገና» አሉ። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

በማግሥቱ አንድ የሰፈራችን ሽማግሌ ወሬውን ሰምተው መጡ። ከአያቴ ጋር ተቀምጠው ስለ ድሮው የወንዝ ዳር እርሻ አወጉ። እንደምታውቁት እኛ ካራዎች ኦሞ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው ርጥብ አፈር ላይ ማሽላ እንዘራ ነበር። የጊቤ 3 ግድብ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የቀድሞው ጎርፍ በየዓመቱ አይመጣም። ስለዚህ የእኔ ታናናሾች ያንን እርሻ በዓይናቸው አላዩትም። ሽማግሌው ውሃው መመለስ መጀመሩን በምን እንደሚያውቁ፣ መሬቱን እንዴት እንደሚከፋፈሉ፣ ማን አስቀድሞ እንደሚዘራ አንድ ሰዓት ያህል ተናገሩ። እኔም ሁሉን ቀዳሁ።

አሁን የምነግራችሁ የራሴን ስንፍና ነው። ወደ ጂንካ ስመለስ አዲስ ዘፈን ለማስጫን ያንኑ ካርድ ይዤ ሄድሁ። ካርዱ ሞልቶ ስለ ነበር፣ የሚጭነው ልጅ «አሮጌውን ላጥፋው?» ሲለኝ፣ እኔም ከጓደኛዬ ጋር እየተጫወትሁ «አጥፋው» አልሁት። የአያቴ ዜማም፣ የሽማግሌው ወግም በአንድ አፍታ ጠፋ። ወደ ማደሪያዬ ደርሼ ስፈልገው ነው የሠራሁትን ያወቅሁት። በፋሲካ ዕረፍት ሄጄ አያቴን ስለምናቸው ሳይቆጡኝ ዜማውን ደገሙልኝ። ሽማግሌው ግን እኔ ከመድረሴ በፊት ዐርፈው ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ማጫወቻው የነበረኝ ሐሳብ ተለወጠ። ሒሳቡን እንዲህ ብለን እንየው። በተለመደው የ128 ኪሎ ቢት ጥራት አንድ ደቂቃ ድምፅ አንድ ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። በዚህ መሠረት አንድ ባለ 4 ጊጋባይት ካርድ ወደ 800 ዘፈን ይይዛል። ያው ካርድ የሽማግሌዎችን ንግግር ቢይዝ ኖሮ ወደ 69 ሰዓት ይሆን ነበር። 800ው ዘፈን ዛሬ ቢጠፋ ነገ በዚያው ሱቅ ይገኛል። የሽማግሌው አንድ ሰዓት ግን በየትኛውም ሱቅ አይሸጥም።

ወደ ኮልቾ በየዓመቱ ብዙ ጎብኚዎች ይመጣሉ። ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆነው የኦሞን መታጠፊያና በነጭ አፈር የተቀባውን ገላችንን ፎቶግራፍ ያነሣሉ፤ ገንዘብም ይከፍላሉ። መልካችን በብዙ አገር አለ። የሚናገረውን ሽማግሌ ቃል በቃል የቀዳ ግን ጥቂት ነው። ይህን ስል እንግዳ መጥቶ ይቅዳልን ማለቴ አይደለም። ቋንቋውን የምናውቀው እኛ ነን፤ አያቶቻችንም ለእኛ ሲያወጉ የሚያወጉት ወግ ለእንግዳ ከሚነግሩት ይለያል። በጽሑፍ የተቀመጠ ነገር ጥቂት ለሆነ ቋንቋ ደግሞ የተቀዳ ድምፅ እንደ መጽሐፍ ነው።

በኔ ሐሳብ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። አንዱ፣ «ስልክ ይህን ሁሉ ይሠራል፤ ማጫወቻ ለምን?» ይላል። እውነት ነው፤ የስልክ መቅጃ ከማጫወቻው ይልቅ ጥርት ያለ ነው። ማጫወቻው ነፋስ ሲነፍስ ያንኮሻኩሻል፤ ከተናጋሪው አንድ ክንድ ከራቀም አይሰማም። ስልክ ያለው በስልኩ ይቅዳ። እኔ የምለው፣ ርካሹ መሣሪያ የገባበት ቤት ሁሉ መቅጃ የገባበት ቤት መሆኑን እንወቅ ነው። ሌላው ደግሞ፣ «ተማሪ ዘፈን ሲሰማ ጥናቱን ይተዋል» ይላል። ይህም አይካድም፤ በሁለተኛው የፈተና ወቅት በራሴ ላይ ደርሶብኛል። ነገር ግን ጥፋቱ የእጄ እንጂ የአዝራሩ አልነበረም። በሌሊት ማጫወቻውን ለክፍል ጓደኛዬ አስረክቤ ማጥናት ከጀመርሁ ወዲህ ውጤቴ ተመልሷል።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። በድምፁ ብቻ የሚመዝነው ሰው ተራ ዕቃ ገዝቷል። ከመግዛታችሁ በፊት አራት ነገር ተመልከቱ፤ መቀበያው በገመድ ይለያይ፤ ባትሪው ወጥቶ የሚተካ ይሁን፤ ሬዲዮው አጭር ሞገድ ይያዝ፤ መቅጃው እዚያው ሱቅ በር ላይ ተሞክሮ ይሰማ። ከገዛችሁ በኋላ ደግሞ ሁለት ካርድ ይኑራችሁ፤ አንዱ ለዘፈን፣ አንዱ ለቤተሰብ። የቤተሰቡ ካርድ ወደ ሱቅ አይሂድ።

ለትምህርት ቤታችንም አንድ ልመና አለኝ። በደቡብ ኦሞ ብዙ ነባር ብሔረሰቦች እንዳሉ እንማራለን፤ በክፍላችንም የሐመር፣ የአሪ፣ የበና፣ የማሌ፣ የዳሰነች፣ የኛንጋቶምና የሌሎችም ልጆች አብረን እንቀመጣለን። በመጪው ዓመት ወደየቤታችን ስንሄድ፣ እያንዳንዳችን ከአያት ወይም ከጎረቤት ሽማግሌ አንድ ሰዓት ብንቀዳ፣ ስንመለስም በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ብናስቀምጠው ምን ይቸግራል? ይህም አስቀድሞ ተናጋሪውን በማስፈቀድ፣ አይነገር ያሉትን ባለማስቀረት፣ ግልባጩንም ለቤተሰቡ በመመለስ ይሁን። በጂንካ ኮረብታ ላይ ያለው የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማዕከል የየብሔረሰቡን ዕቃዎች ለትውልድ ያቆያል። ድምፁን ማቆየት ግን ማዳመጫ በጆሯችን የከተትን የኛ የልጆቹ ሥራ ነው።

ወላጆቻችንም ልጃችሁ መሣሪያ ግዙልኝ ሲላችሁ ወዲያው አትከልክሉት፤ «መጀመሪያ የማንን ድምፅ ትቀዳበታለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካለው ግዙለት።

የአያቴ ዜማ አሁን በሦስት ቦታ አለ፤ በካርዴ፣ በአንድ መምህሬ ኮምፒዩተርና በታናሽ ወንድሜ ካርድ። ወንድሜ ማዳመጫውን ከቀማሁት ወዲህ ፍየል ሲጠብቅ ራሱ ያዜመዋል፤ አያቴ የዘለሏትን ቃል ግን አሁንም ይዘላታል። በክረምቱ ዕረፍት ሄጄ አስተካክለዋለሁ።